ጆሯችሁን በራሳችሁ ጭንቅላት ላይ እየሞከራችሁ እወቁት

ስለ ጆሮ ብዙዎቻችን የተማርነው በስእል ነው። ቀስት ይሰራበትና የዚህን ክፍል ስም ጻፉ ይባላል፣ ውጫዊ ጆሮ መካከለኛ ጆሮ ውስጠኛ ጆሮ፣ መዶሻ መስፍ እርካብ እያልን እንሸመድዳለን፣ ከፈተና በኋላ በሳምንቱ ድራሹ ይጠፋል። እኔም እንደዛው ነበርኩ። ታናሽ እህቴን ሳስጠናት ግን ስእሉ አልገባ ሲላት በቃ ደብተሩን ዝጊውና ጣትሽን ጆሮሽ ላይ አድርጊ አልኳት፣ ከዛ አንዱን ክፍል ከሌላው እያስከተልን በራሷ ጭንቅላት ላይ ስንፈልገው ዋልን፣ በአንድ ከሰአት አለቀ፣ እስካሁንም አልረሳችውም። እዚህ ምጽፍላችሁ ያንኑ አካሄድ ነው፣ ትንሽ አሻሽዬው።

ሌላም ምክንያት አለኝ። ሰው በገዛ እጁ ጆሮው ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ብዙውን ጊዜ ውስጡ ምን እንዳለ ካለማወቅ ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ በየሙከራው መሃል ይሄን አታድርጉ የምለው ነገር አለ፣ እሱን አትዝለሉት።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች ብዙ አይደሉም። አንድ አጋዥ ሰው፣ አንድ ሜትር ገደማ የሚሆን ለስላሳ የፕላስቲክ ቱቦ (የውሃ ጎማ ቁራጭም ይሆናል በደንብ ከታጠበ)፣ የብረት ማንኪያ፣ ክር፣ ስልክ፣ ካለ ደግሞ የሚሽከረከር ወንበር። ጸጥ ያለ ክፍል ምረጡ። ጆሮውን የሚያመው፣ ፈሳሽ የሚወጣው፣ ታምቡሩ የተበሳ ወይም ጆሮው ኦፕሬሽን የተሰራ ሰው ጣት ወይም ጠብታ ጆሮ ውስጥ የሚገባባቸውን ስቴፖች ይለፋቸው፣ አፍንጫ ይዞ መንፋቱንም እንደዛው።

1ኛ፦ ከውጪ የሚታየውን ዳስሱት

ከታች ጀምሩ፣ ጉትቻ የሚንጠለጠልበትን ለስላሳውን ጫፍ ያዙ። አጥንት ምናምን የለውም፣ ቆዳና ስብ ነው። ከዛ ወደ ላይ ስትሄዱ ይጠነክራል፣ ብታጥፉት ግን ተመልሶ ይዘረጋል፣ እሱ ካርቲሌጅ የሚባለው ለስላሳ አጥንት ነው። ጆሮ ላይ ያሉት እጥፋቶችና ጉድጓዶች ለማማሪያ ብቻ ይመስላሉ አይደል፣ አይደሉም። አይናችሁን ጨፍኑና አጋዣችሁ ቁልፍ እያቅጨለጨለ አንዴ ከፊታችሁ ከፍ አድርጎ አንዴ ዝቅ አድርጎ አንዴ ከኋላችሁ ያሰማችሁ፣ የቱ ጋር እንደሆነ በጣታችሁ ጠቁሙ። ከዛ ቀዳዳውን ሳትደፍኑ የሁለቱንም ጆሮ እጥፋት በጣታችሁ ወደ ጭንቅላታችሁ ተጫኑትና ድገሙት። ብዙ ሰው ላይና ታች፣ ፊትና ኋላ መለየት ይቸግረዋል። ድምጹ እጥፋቶቹ ላይ እየነጠረ ስለሚገባ ከላይ የመጣውና ከታች የመጣው ትንሽ ቃናቸው ይለያያል፣ አእምሯችን ደግሞ ከልጅነት ጀምሮ የራሱን ጆሮ ቅርጽ ስለለመደ ያንን ልዩነት ያነበዋል።

መዳፋችሁን ከጆሯችሁ ኋላ እንደ ጎድጓዳ ሳህን አድርጉት፣ ድምጽ ወዲያው ይጨምራል፣ ያው ሽማግሌዎች "ምን አልክ?" ሲሉ የሚያደርጉት ነው። ቀላል ግን ትክክለኛ ፊዚክስ ነው።

2ኛ፦ ሁለት ጆሮ ለምን እንደተሰጣችሁ

የቱቦውን መሃል ለክታችሁ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉበት። አንዱን ጫፍ በቀኝ ሌላውን በግራ ጆሯችሁ ደጃፍ ላይ ያዙ (ወደ ውስጥ አትክተቱት)፣ ቱቦው ከጀርባችሁ ይዙር፣ አይናችሁን ጨፍኑ። አጋዣችሁ በእርሳስ ቱቦውን ቀስ ብሎ መታ ያድርገው፣ መጀመሪያ ምልክቱ ላይ ከዛ ትንሽ ወደ ቀኝ ትንሽ ወደ ግራ እያለ። እናንተ "መሃል" "ቀኝ" "ግራ" ብቻ በሉ።

ከመሃል 1 ሴንቲ ሜትር ብቻ ፈቀቅ ሲል ብዙ ሰው ያውቃል። አሁን እናስላው፣ 1 ሴንቲ ሜትር ወደ ቀኝ ከሄደ ለቀኝ ጆሮ በ1 ሲቀርብ ከግራው በ1 ይርቃል፣ ልዩነቱ 2 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ድምጽ በአየር ውስጥ በሴኮንድ 343 ሜትር ገደማ ስለሚሄድ ሁለቱ ጆሮ ላይ የሚደርስበት የጊዜ ልዩነት 0.06 ሚሊ ሴኮንድ አካባቢ ነው። ሴኮንድን ለሺ ከፍላችሁ ከዛ አንዷን ቁራሽ እንደገና ለአስራ ስድስት ብትከፍሉ ማለት ነው። ይሄን የሚለየው ጭንቅላታችሁ ነው፣ ያለ ምንም ልምምድ! እኔ ይሄን ሙከራ ስንቴ እንዳደረግኩት አላውቅም አሁንም ይገርመኛል።

አንድ ጆሮው የማይሰማ ሰው ሲጠሩት ወደተሳሳተ አቅጣጫ የሚዞረውም ለዚህ ነው፣ ሰምቷችኋል ግን የሚያነጻጽርበት ሁለተኛ ሰአት የለውም።

3ኛ፦ ቦዩ፣ ኩኩ እና ኮተን

እዚህ ጋር ረዘም እላለሁ ምክንያቱም አብዛኛው ጥፋት የሚፈጸመው እዚህ ነው።

እጃችሁን ታጠቡ፣ የትንሿን ጣት ጫፍ ቀዳዳው መግቢያ ላይ ብቻ አድርጉና አፋችሁን ክፈቱ ዝጉ። ግድግዳው ሲንቀሳቀስ ይሰማችኋል። የመንጋጋ መገጣጠሚያችሁ ከቦዩ (ከጆሮ ቀዳዳ ወደ ታምቡሩ የሚወስደው መንገድ) ፊት ለፊት ተለጥፎ ነው ያለው፣ ስለዚህ ባኘካችሁ ባወራችሁ ቁጥር ቦዩ ይታሻል። ይሄን ያዙት ትንሽ ቆይቶ ይጠቅመናል።

የአዋቂ ሰው ቦይ ከደጃፉ እስከ ታምቡሩ 2.5 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ከአውራ ጣታችሁ የላይኛው አንጓ ያጠረ፣ በቃ ይሄው ነው። ቀጥ ያለም አይደለም ትንሽ ጠመም ይላል፣ ሀኪም ሲያይ ጆሯችሁን ወደ ላይና ወደ ኋላ የሚስበው ለማቃናት ነው። የውጪው አንድ ሶስተኛ ካርቲሌጅ ነው፣ ጸጉርና ኩክ የሚያመነጩ እጢዎች ያሉት እዛ ብቻ ነው። የውስጠኛው ሁለት ሶስተኛ ደግሞ አጥንት ላይ የተወጠረ ስስ ቆዳ ነው፣ ከስስነቱ የተነሳ ትንሽ ብትነካኩት ያማል ይደማል። እዛ ጋር ኩክ አይመረትም። ስለዚህ ሀኪም ታምቡር ላይ የተለጠፈ ኩክ ካየ አንድ ነገር ገፍቶ ወስዶታል ማለት ነው፣ ብዙ ጊዜ ደግሞ ገፊው ኮተን ነው።

ኩክ ቆሻሻ አይደለም። የእጢ ቅባት ከሞተ ቆዳ ጋር የተደባለቀ ነው፣ ውሃ ይከላከላል፣ አቧራና ነፍሳት ይይዛል፣ ትንሽ አሲድነት ስላለው ለጀርሞች አይመችም። የሚወጣበት መንገድም አለው፣ የታምቡሩ ቆዳ ከመሃሉ እያደገ ወደ ዳር ከዛ በቦዩ ግድግዳ ወደ ውጪ ቀስ እያለ ይጓዛል፣ እንደ ኤርፖርት ሻንጣ ማመላለሻ በሉት፣ ኩኩን ተሸክሞ ደጃፍ ድረስ ያመጣዋል፣ ያ ቅድም በጣታችሁ የነካችሁት የመንጋጋ እንቅስቃሴ ደግሞ ያግዘዋል። እናንተ ኮተን ስታስገቡ ያን ሁሉ ጉዞ በአንድ ግፊት ወደ ኋላ ትመልሱታላችሁ። ኮተኑ ጫፉ ላይ ትንሽ ቡናማ ይዞ ስለሚወጣ የጸዳ ይመስላል፣ የቀረው ግን ጠልቆ ተጠቅጥቋል።

ጆሮ ሲነኩ የሚያስላቸው ሰዎች አሉ፣ ከናንተ መሃል ካለ አትደንግጡ በሽታ አይደለም። ወደ ጉሮሮ ወደ ሳንባ ከሚሄደው ቬገስ ከሚባለው ትልቅ ነርቭ አንዲት ቅርንጫፍ ቦዩን ስለምትነካ ነው፣ አእምሮ ጉሮሮ ላይ የሆነ ነገር ያለ ይመስለዋል።

እና ምን እናድርግ ካላችሁ፣ ካልደፈነ ምንም። ገላ ስትታጠቡ ውጪውን በፎጣ ጥረጉ በቃ። ደፍኖ ካስቸገረ ታምቡሩ ጤነኛ መሆኑ የታወቀ ሰው የወይራ ዘይት ወይም ፋርማሲ የሚሸጥ ማለስለሻ ጠብታ ለብ አድርጎ (እጅ ውስጥ ይዞ ማሞቅ ይበቃል) በጎኑ ተኝቶ 2 ወይም 3 ጠብታ ያድርግ፣ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይተኛበት፣ ለተወሰኑ ቀናት ይድገመው፣ ከለሰለሰ በኋላ ብዙ ጊዜ እራሱ ይወጣል። እምቢ ካለ በውሃ ማጠቡን ወይም መምጠጡን ለባለሙያ ተዉት። ጆሮ ውስጥ ሻማ ተክሎ ማንደድ የሚባል ነገር አለ፣ ኩክ አይስብም፣ የሚያመጣው የተቃጠለ ቆዳና የፈሰሰ ሰም ነው። የብእር ክዳን፣ የጸጉር ሽቦ፣ ክብሪት፣ እነዚህን ለመከልከል ምክንያት መዘርዘር ያለብኝ አይመስለኝም፣ 2.5 ሴንቲ ሜትር ነው ብያችኋለሁ።

ለልጆች አንድ ነገር ልጨምር። የሰአትና የአሻንጉሊት ክብ ትንንሽ ባትሪ ጆሮ ውስጥ ከገባ ጠብታም ውሃም ሳትጨምሩ ወዲያው ሆስፒታል፣ በሰአታት ውስጥ ስጋ ያቃጥላል።

4ኛ፦ ታምቡሩንና ከጀርባው ያለውን ክፍል ማግኘት

አፍንጫችሁን በሁለት ጣት ያዙ፣ አፋችሁን ዝጉ፣ ምራቅ ዋጡ። ሁለቱም ጆሮ ድፍን ይላል፣ ትንሽ ወደ ውስጥ የተሳበ ስሜት አለው። ጣታችሁን ልቀቁና እንደገና ዋጡ፣ ቷ ብሎ ይከፈታል። አሁን የሰማችሁት ከታምቡሩ ጀርባ ያለችው በአየር የተሞላች ትንሽ ክፍል ከአፍንጫችሁ ኋላ ጋር ስትገናኝ ነው። መገናኛው ዩስቴሺያን ቱቦ ይባላል፣ ባርቶሎሜዎ ኢዩስታኪ በሚባል የ16ኛው ክፍለ ዘመን ጣሊያናዊ የአናቶሚ ሊቅ ስም ነው የተሰየመው፣ 3.5 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይሆናል፣ ሁሌም ዝግ ነው ስንውጥና ስናዛጋ ብቻ ይከፈታል።

አውሮፕላን ሲወርድ ጆሮ ሚደፍነው ውጪ ያለው ግፊት ሲጨምር ውስጥ ያለው ወደ ኋላ ስለሚቀር ነው፣ ታምቡሩ ወደ ውስጥ ይለጠጣል፣ መፍትሄው መዋጥ ማዛጋት ማስቲካ ማኘክ፣ ለጨቅላ ህጻን ደግሞ ማጥባት። አፍንጫ ይዞ ቀስ ብሎ መንፋትም ይቻላል፣ ቀስ ብሎ ነው የምለው፣ ጉንፋን ይዟችሁ እያለ በሃይል ከነፋችሁ ንፍጡንና ጀርሙን ወደ ጆሮ ታሳድዱታላችሁ።

የልጆች ቱቦ አጭርና ወደ አግድም የተኛ ስለሆነ ከጉንፋን በኋላ ቶሎ ጆሯቸው ያመረቅዛል፣ እያደጉ ሲሄዱ ቱቦው ስለሚረዝምና ወደ ታች ስለሚያዘነብል ይቀንሳል። ህጻን ልጅ ጆሮውን እየጎተተ ካለቀሰና ካተኮሰው ሀኪም ይየው።

ታምቡሩ እራሱ የትንሿ ጣታችሁን ጥፍር ያክላል፣ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ ውፍረቱ የሚሊ ሜትር አስረኛ ነው። ከጀርባው ሶስቱ አጥንቶች ተቀጣጥለዋል፣ መዶሻ ታምቡሩ ላይ ተጣብቆ፣ መስፍ መሃል ላይ፣ እርካብ መጨረሻ ላይ። እርካብ 3 ሚሊ ሜትር አካባቢ ናት፣ በሰውነታችን ውስጥ ከሷ ያነሰ አጥንት የለም። ለምን ሶስት አጥንት አስፈለገ የሚለውን ጥያቄ ማንም አስተማሪ አልነገረኝም ነበር፣ መልሱ ግን ደስ ይላል። ውስጠኛው ጆሮ በፈሳሽ የተሞላ ነው፣ በአየር የመጣ ድምጽ ደግሞ ፈሳሽ ሲነካ ከሞላ ጎደል ሁሉም ነጥሮ ይመለሳል፣ ውሃ ውስጥ ጠልቃችሁ ከላይ የሚያወራ ሰው የማይሰማችሁ ለዛ ነው። ስለዚህ ግፊቱ መባዛት አለበት። የታምቡሩ የሚንቀጠቀጠው ስፋት 55 ካሬ ሚሊ ሜትር ያህል ነው፣ እርካብ የምትገፋው መስኮት ግን 3 ካሬ ሚሊ ሜትር አካባቢ ብቻ፣ ያን ሁሉ ሃይል እዛች ጠባብ ቦታ ላይ ሰብስቦ ማሳረፍ ማለት ነው፣ የአጥንቶቹ ምሳሽነት ትንሽ ይጨምርበትና ግፊቱ 20 እጥፍ ገደማ ይሆናል። ሰፊ ጫማ እግራችሁን ሲረግጣችሁና ቀጭን ተረከዝ ሲረግጣችሁ ያለው ልዩነት ነው።

አይናችሁን አጥብቃችሁ ጨፍኑ፣ በጣም አጥብቃችሁ። ከሩቅ እንደሚመጣ ነጎድጓድ ጉርርር የሚል ነገር የሰማችሁ አላችሁ? ሁሉም አይሰማውም። እዛች ክፍል ውስጥ ታምቡሩን የምትወጥር ትንሽ ጡንቻ አለች፣ እሷ ስትኮማተር ነው። እርካብን የምትይዝ ሌላ ጡንቻም አለች፣ ከፍተኛ ድምጽ ሲመጣ አጥንቱን ያዝ አድርጋ ጉዳቱን ትቀንሳለች፣ ድንገተኛ ፍንዳታ ላይ ግን አትደርስም ስለዚህ በሷ አትተማመኑ።

5ኛ፦ ድምጽ በአጥንት (ይሄን በደንብ ልመዱት መጨረሻ ላይ እንፈልገዋለን)

አፋችሁን ዘግታችሁ እምምምም በሉ፣ ድምጻችሁ ጭንቅላታችሁ መሃል ላይ ያለ ይመስላል። ሳታቋርጡ ቀኝ ጆሯችሁን በጣት ድፈኑ። ድምጹ ወደ ቀኝ ዘሎ ሄደ! የደፈናችሁት ጆሮ ነው አብልጦ የሰማው። ግራውን ድፈኑ፣ ወደ ግራ ይሄዳል። ምክንያቱ የራሳችሁ ድምጽ በራስ ቅል አጥንት በኩልም ወደ ውስጠኛው ጆሮ ይሄዳል፣ የቦዩን ግድግዳም ያንቀጠቅጣል፣ ደጃፉ ክፍት ሲሆን ያ ድምጽ ወደ ውጪ ያመልጣል፣ ሲደፈን ግን መውጫ አጥቶ ወደ ታምቡሩ ይመለሳል።

አንገት በላይ ሀኪሞች በቱኒንግ ፎርክ (ሲመቱት አንድ ቃና የሚያሰማ ሹካ መሳይ ብረት) ግንባር ላይ የሚያደርጉት ምርመራ ይሄው ነው፣ ቬበር ይባላል። ሌላኛውን፣ ፎርኩን አንዴ ከጆሮ ኋላ ያለው አጥንት ላይ አንዴ ጆሮ ደጃፍ ላይ አድርጎ ማነጻጸሩን፣ ሃይንሪሽ ሪነ የሚባል ጀርመናዊ ሀኪም በ1855 ነው ያሳተመው፣ እስከዛሬም ይሰራበታል።

ለጨዋታ ያህል ደግሞ ማንኪያውን ክር መሃል ላይ እሰሩት፣ የክሩን ሁለት ጫፎች በሁለት ጣታችሁ ጠቅልላችሁ ጆሯችሁ ደጃፍ ላይ ተጫኑ፣ ጎንበስ ብላችሁ ማንኪያው ጠረጴዛ ይምታ። ትልቅ ደወል ትሰማላችሁ፣ አጠገባችሁ ያለው ሰው ግን ቅጭል ነው የሚሰማው። የተቀዳ ድምጻችሁ "ይሄ እኔ አይደለሁም" የሚያስብላችሁም ይሄ ነው፣ ስልኩ የያዘው በአየር የሄደውን ብቻ ነው፣ እናንተ የለመዳችሁት ግን አጥንቱ ወፍራም ቃና የጨመረበትን ነው።

6ኛ፦ ኮክሊያ፣ በጣት የማይደረስበት

ቶን ጄኔሬተር የሚባል አፕ አውርዱ። ድምጹን ዝቅ አድርጉ መጀመሪያ፣ ይሄ ግዴታ ነው፣ ምክንያቱም የማትሰሙት ቃናም ጉልበት አለውና "አይሰማኝም" እያላችሁ ቮሊዩም አትጨምሩ። ከ1,000 ኸርዝ (በሴኮንድ የሚንቀጠቀጥበት ብዛት ነው፣ ቁጥሩ ሲጨምር ቃናው ይቀጥናል) ጀምራችሁ ቀስ እያላችሁ ወደ ላይ ውጡ፣ የት ጋር እንደጠፋባችሁ ጻፉት። ቤት ውስጥ እድሜያቸው የተለያየ ሰዎች ካሉ ሁሉም ይሞክር፣ ልጆቹ ትልልቆቹ የማይሰሙትን ይሰማሉ። የጤነኛ ወጣት ጆሮ ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ ይሰማል ይባላል፣ ከእድሜ ጋር ከላይ በኩል እየተሸራረፈ ይሄዳል። የስልክ ስፒከር ወፍራሙንም በጣም ቀጭኑንም በደንብ ስለማያወጣ ቁጥሩን እንደ ምርመራ ውጤት እንዳትይዙት።

ለምን ቀጭኑ ቀድሞ ይጠፋል? ኮክሊያ፣ ማለትም የውስጠኛው ጆሮ ድምጽ የሚሰማበት ክፍል፣ እንደ ቀንድ አውጣ ዛጎል ሁለት ዙር ተኩል የተጠማዘዘች ቱቦ ናት፣ ብትዘረጋ 3.5 ሴንቲ ሜትር ያህላል። ውስጧ ያለው ሽፋን መግቢያው ላይ ጠባብና ጠንካራ ስለሆነ ለቀጭን ድምጽ ይንቀጠቀጣል፣ ጫፉ ላይ ሰፊና ላላ ስለሆነ ለወፍራም። ጊታር ክሮችን አስቡ። ይሄን ሞገድ በአይኑ አይቶ ያስረዳው ጌዮርግ ቮን ቤኬሺ በ1961 ኖቤል ተሸልሞበታል። ሽፋኑ ላይ የጸጉር ሴሎች ተደርድረዋል፣ በአንድ ጆሮ 3,500 ገደማ የውስጥ ረድፍ እና 12,000 ገደማ የውጪ ረድፍ። ለአእምሮ የሚያወሩት በዋናነት የውስጦቹ ናቸው፣ የውጪዎቹ ደግሞ እራሳቸው እየተኮማተሩ ደካማውን ድምጽ ያጎላሉ፣ ከዛም የተነሳ ጆሮ በጣም ትንሽ ድምጽ መልሶ ያወጣል፣ ዴቪድ ኬምፕ በ1978 ነው ይሄን በማይክ የያዘው፣ ዛሬ አራስ ልጅ ተኝቶ እያለ መስማቱ የሚመረመረው በዚህ ነው።

እና ያን ያህል ሴል በጣም ትንሽ ነው። አይን ውስጥ ብርሃን የሚቀበሉት ከመቶ ሚሊዮን በላይ ናቸው። ደግሞ የሰው ጆሮ የሞተ የጸጉር ሴል አይተካም፣ ወፎች ይተካሉ እኛ አንተካም። የተወለድንበትን ነው እስከ መጨረሻ የምንጠቀመው።

7ኛ፦ ድምጽ የማይሰማው የጆሮ ክፍል

አምስቱ የስሜት ህዋሳት ሲባል ሚዛን አይቆጠርም፣ ግን ስድስተኛ ተብሎ መቆጠር የነበረበት ነው ብዬ አምናለሁ። ስልካችሁን ወይም መጽሃፍ በክንድ ርቀት ያዙና እያነበባችሁ መጽሃፉን ቀኝ ግራ በፍጥነት አወዛውዙት፣ ፊደሉ ይደባለቃል። አሁን መጽሃፉን አቁማችሁ በዛው ፍጥነት ጭንቅላታችሁን አወዛውዙ። ይነበባል! የውስጠኛው ጆሮ ሶስት ክብ ቦዮች የጭንቅላታችሁን መዞር ለክተው አይናችሁን በተቃራኒው ያዞሩታል፣ ስትሮጡ ከፊታችሁ ያለው መንገድ የማይዘለው በዚህ ነው።

ቀጥሎ ወንበሩ። ራሱን የሚያዞረው፣ ነፍሰ ጡር፣ አንገቱን የሚያመው አይሞክር። አይናችሁን ጨፍናችሁ አጋዣችሁ በእኩል ፍጥነት ለ20 ሴኮንድ ያህል ያዟዙራችሁ። መሃል ላይ መዞራችሁ እየቀነሰ የመጣ ይመስላችኋል፣ ሲያቆማችሁ ደግሞ በተቃራኒው እየዞራችሁ ያለ ይመስላችኋል። ቦዮቹ ውስጥ ያለው ፈሳሽ መጀመሪያ ወደ ኋላ ይቀራል፣ ከዛ አብሮ ይዞራል፣ ስትቆሙ ግን እሱ አይቆምም። ለመነሳት አትቸኩሉ። ሮበርት ባራኒ ጆሮ ውስጥ ቀዝቃዛ ወይም ሙቅ ውሃ ሲገባ ሰው ለምን እንደሚዞርበት ያስረዳ ሀኪም ነው፣ የ1914ን ኖቤል ወስዷል፣ ጆሮ የሚታጠብበት ውሃ የሰውነት ሙቀት፣ 37 ዲግሪ ገደማ፣ መሆን ያለበትም ለዚህ ነው።

ከቦዮቹ ስር ደግሞ የካልሲየም ካርቦኔት ጥቃቅን ክሪስታሎች የተነሰነሱባቸው ሁለት ከረጢቶች አሉ፣ የስበትን አቅጣጫ ይናገራሉ። ክሪስታሎቹ ከቦታቸው ወጥተው ቦይ ውስጥ ሲገቡ አልጋ ላይ ስትገላበጡ ቤቱ ይዞራል፣ ለአጭር ጊዜ ግን በሃይል። ይሄ ብዙ ሰው "ደም ግፊት ነው" እያለ ሚሰቃይበት ነገር ነው፣ ሀኪም ጭንቅላትን በቅደም ተከተል በማዞር ብቻ ክሪስታሉን ወደ ቦታው ይመልሰዋል፣ ብዙ ጊዜ ያለ መድሃኒት።

8ኛ፦ ኤርፎናችሁን አስተካክሉ

የአለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚለው ልክ በሳምንት 40 ሰአት በ80 ዴሲቤል ነው፣ ለልጅ 75። ዴሲቤል ግን ተንኮለኛ ቁጥር ነው፣ 3 በጨመረ ቁጥር ሃይሉ እጥፍ ስለሚሆን ሰአቱን በግማሽ መቁረጥ አለባችሁ። 83 ላይ 20 ሰአት፣ 86 ላይ 10፣ 89 ላይ 5፣ 92 ላይ ሁለት ሰአት ተኩል፣ 95 ላይ አንድ ሰአት ከሩብ ለሳምንቱ ሙሉ።

ስልካችሁ ሴቲንግ ውስጥ የኤርፎን ድምጽ ልክ ካለው አሁኑኑ አብሩት፣ ከሌለው ከ60 ፐርሰንት በታች ያዙት። ጫጫታ ቦታ ላይ ቮሊዩም መጨመር ሳይሆን ጆሮን በደንብ የሚገጥም ኤርፎን መጠቀም ነው የሚሻለው። ከሙዚቃ ወይም ከማሽን በኋላ ጆሯችሁ ጭው ካለ ወይም ድምጽ የታፈነ ከመሰላችሁ ሴሎቹ ተጎድተዋል፣ በማግስቱ ቢመለስም ሁሉም ተመልሰዋል ማለት አይደለም።

9ኛ፦ አንድ ጆሮ በድንገት ሲደፈን

ጠዋት ተነሳችሁ አንድ ጆሮ አይሰማም። ኩክ ነው ብላችሁ ኮተን ከመፈለጋችሁ በፊት 5ኛውን አስታውሱ፣ አፋችሁን ዘግታችሁ፣ ጆሯችሁን በጣት ሳትነኩ እምምምም በሉ። ድምጹ ወደ ደፈነው ጆሮ ከሄደ መንገዱ ላይ የሆነ ነገር ዘግቷል ማለት ነው፣ ኩክ፣ ፈሳሽ፣ ጉንፋን፣ በጣታችሁ እንደደፈናችሁት ሁሉ። ብዙ ጊዜ ይታከማል፣ በሚመቻችሁ ቀን ታዩት።

ወደ ጤነኛው ጆሮ ከሄደ ግን መንገዱ ሳይሆን ኮክሊያው ወይም ነርቩ ነው የዘጋው፣ አጥንቱም ቢያደርስለት የሚቀበል የለም። ይሄ ድንገተኛ ነው። የሚሰጠው መድሃኒት፣ ስቴሮይድ ነው ብዙ ጊዜ፣ የሚሰራው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው፣ ሁለት ሳምንት ካለፈ በኋላ ተስፋው በጣም ይቀንሳል። በዛው ቀን አንገት በላይ ሀኪም ጋር ሂዱ፣ "ከትናንት ጀምሮ በድንገት ነው" የሚለውን ቃል አስቀድማችሁ ተናገሩ፣ ጆሮ ውስጥ ሳይታይ ጠብታ ብቻ ጽፈው ሊመልሷችሁ ቢሉ የመስማት ምርመራ ይደረግልኝ በሉ። እምምታው ግራ ካጋባችሁ፣ ወይም ፊት መጣመም ወይም ከባድ ማዞር አብሮ ከመጣ፣ ለመለየት ጊዜ አታጥፉ፣ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።